የመንገደኛ ዶሮ፦ ከወላይታ የሚሰጥ ምላሽ

በአየር ማረፊያ ውስጥ ዶሮ ጠብሶ ለሚቸኩል መንገደኛ የሚሸጥ ቤት ከአመጋገብ ባህላችን ጋር አይሄድም ይባላል። ክርክሩ የታወቀ ነው፤ ዶሮ የበዓል ናት፣ 12 ብልት ይወጣላታል፣ የሽንኩርቱ ቁሌት ብቻ ሰዓታት ይፈጃል፣ ጾሙም የዓመቱን እኩሌታ ያህል ይወስዳል። ይህ ስለ ሸዋና ስለ ሰሜኑ ጓዳ ከተነገረ አልቃወምም። ስለ ኢትዮጵያ ሁሉ ሲነገር ግን ስህተት ነው፤ ለዚህም ወላይታን ማየት ይበቃል።

በወላይታ የበዓሉን ክብር የተሸከመው በሬ ነው። መስከረም ላይ ለሚከበረው ጊፋታ ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ሲቆጥቡ ይከርማሉ፤ በሬውም በጋራ ታርዶ ሥጋው ለየቤቱ ይከፋፈላል። ጾሙም ቢሆን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአሥር ወላይታ ሰባቱ ያህል ፕሮቴስታንት በሆኑበት ዞን የገበያውን ዓመት ለሁለት አይከፍለውም። የበዓልም የጾምም ክርክር እዚህ ጉልበት ያጣል።

ችኮላውስ ባዕድ ነው? የወላይታዋ ከተማ ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት፤ ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕና፣ ከሻሸመኔ፣ ከሳውላ የሚመጣው ሁሉ ያልፍባታል። ሾፌሩ ሥጋ ቤት ጎራ ብሎ ቁርጡን በዳጣ በልቶ ወዲያው ይነሳል። የዳጣው ሚጥሚጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እሱ ከመድረሱ በፊት ተፈጭቶ አልቋል። ፍጥነት ማለት ድካሙ እንግዳው ሳይመጣ መጠናቀቁ ነው። የዶሮ ወጥ ቁሌትም በዋዜማው ሊሠራ ይችላል፤ አድሮ ሲሞቅ እንዲያውም ይጣፍጣል።

የተጠበሰው ዶሮም ቢሆን ፈጣን ሆኖ አልተወለደም። የኬኤፍሲ መሥራች ሃርላንድ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1930 በኬንታኪ፣ ኮርቢን በአንድ ነዳጅ ማደያ መንገደኞችን መመገብ ሲጀምር ዶሮው በመጥበሻ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር። ያፋጠነው በኋላ የመጣው የግፊት ድስት ነው።

እኔ እንደማምነው እንቅፋቱ ያለው ከዶሮዋ ዘንድ ነው። የእኛ የአገር ውስጥ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ጥላ፣ ጓሮ ለጓሮ ጭራ ታድጋለች፤ ለእርድ እስክትደርስ ወራት ይወስድባታል። የፈጣን ምግብ ቤት የሚፈልገው ግን በስድስት ሳምንት ገደማ የሚደርስ፣ ክብደቱ እኩል የሆነ የሥጋ ዶሮ ነው፤ ክብደቱ ካልተስተካከለ አንዱ ብልት ሲበስል ሌላው ጥሬ ይቀራል። በ2011 ዓ.ም. ተስፋፍቶ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበው የቦሌ ተርሚናል ደግሞ በገበያ ቀን ከነነፍሷ ታስራ በምትመጣ ዶሮ ሊቀለብ አይችልም። መኖ፣ ቄራና ማቀዝቀዣ በሌለበት ጥፋቱን በባህል ላይ መጣል በወላይታዎቹ ቦዲቲና አረካ ዶሮ አርብታ ልጅ የምታስተምረውን እናት ገበያ መንፈግ ነው።

ከሁሉ የበረታው ተቃውሞ ግን የእርዱ ጉዳይ ነው፤ የሚገርመኝ በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙም አለመነሳቱ ነው። በአገራችን ክርስቲያኑ የክርስቲያን፣ ሙስሊሙ የሙስሊም እርድ ይበላል፤ ሥጋ ቤቱም ለየብቻ ነው። በካርቶን ታሽጎ የሚቀርብ ዶሮ ማን እንዳረደው በግልጽ መናገር አለበት። ሁለቱንም አስተናግዳለሁ የሚል ባለቤት ሁለት ማረጃና ሁለት መጥበሻ ያስፈልገዋል፤ ጠባቧ የአየር ማረፊያ ሱቅ ይህን ካልቻለች የትኛውን ደንበኛ እንደምትተው ቀድማ መወሰን ይኖርባታል።