ዕቃ ዕቃ በስልክ

ልጅ ሲያስቸግረን ስልክ እንሰጠዋለን፤ ከዚያ ቤቱ ጸጥ! እኛም የእህቶቻችንን ልጆች ስንጠብቅ ያደረግነው ስለሆነ አንመጻደቅም። ጥያቄያችን «የትኛውን ጨዋታ ጫንንለት?» የሚል ነው።

መመዘኛችን ዕቃ ዕቃ ነው። ቆርኪው ድስት፣ ጭቃው ወጥ ሲሆን ነጥብ የሚቆጥር፣ «ተሸነፍክ» የሚል አልነበረም። ታሪኩን የምንፈጥረው እኛው ነበርን።

የስዊድኑ ቶካ ቦካ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሻይ ግብዣ ጨዋታ ለዚህ ይቀርባል፤ አይፓዱ ጠረጴዛ ይሆናል፣ ልጆች ከአሻንጉሊቶቻቸው ጋር ይከቡታል። በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣው ቶካ ላይፍ ወርልድም ነጥብ አይቆጥርም፤ ግን በነጻ ይጫንና ውስጡ ተጨማሪ ቤትና ሰፈር ይሸጣል። ልጁ መፍጠሩን ትቶ «ግዙልኝ» ማለት ከጀመረ ምኑን ዕቃ ዕቃ ሆነ?

ስለዚህ ከመስጠታችን በፊት አስር ደቂቃ ራሳችን እንጫወትበት። ማስታወቂያ እየመጣ ካቋረጠን፣ በየበሩ ዋጋ ከተለጠፈ፣ እናጥፋው። ጊዜውም ይወሰን፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ላይ እንዳይቀመጡ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ መሆኑን መክሯል።

ጥሩው ጨዋታ የቱ ነው? ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ቆርኪ ፍለጋ እንዲወጣ የሚያደርገው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?