ታምቡሩን ከማውለቃችን በፊት

አሮጌ የስፖርት አውቶሞቢል ያለው ሰው ጥቂት ገንዘብ እጁ ሲገባ አስቀድሞ ከሚመኛቸው ለውጦች አንዱ የኋላ ጎማዎቹን የታምቡር ፍሬን አውልቆ በምትኩ ዲስክ ማስገጠም ነው። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት አጭር ነው፦ ታምቡር ያረጀ ነው፤ ዲስክ ዘመናዊ ነው፤ ስለዚህ ዲስክ የተገጠመለት መኪና ቶሎ ይቆማል። ከሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከታሪክ ጋር በደንብ አይስማሙም፤ ሦስተኛው ደግሞ ከፊዚክስ ጋር ይጋጫል። አቋማችንን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ በመንገድ ላይ ብቻ ለሚነዳ አሮጌ የስፖርት መኪና ይህ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ያለ ስሌት ሲሠራ ደግሞ ከነበረው የባሰ አደገኛ መኪና ያስገኛል ብለን እናምናለን።

ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን አንድ የታወቀ መኪና በምሳሌነት እንውሰድ። ኤም ጂ ቢ በእንግሊዝ አገር፣ አቢንግደን በተባለችው ከተማ ከ1962 እስከ 1980 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠራ የስፖርት መኪና ነው። ክፍቱም ባለ ጣሪያውም ተደምሮ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ከፊት ዳያሜትራቸው 273 ሚሊሜትር የሆነ ዲስኮች፣ ከኋላ ደግሞ 254 ሚሊሜትር የሆኑ ታምቡሮች ነበሩት። ከ1973 እስከ 1976 ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 3.5 ሊትር ሞተር የተገጠመለት ዓይነት ሲወጣ እንኳ መሐንዲሶቹ የፊቱን ዲስክ አወፈሩት እንጂ የኋላውን ታምቡር አልቀየሩትም። ይህ ከንፉግነት ብቻ የመጣ አይመስለንም። ዛሬ ግን ለዚሁ መኪና የኋላ ዲስክ መቀየሪያ ዕቃ በሣጥን ታሽጎ ይሸጣል፤ ገዢም አላጣም።

ፍሬን መኪናን አያቆምም ብንል አንባቢ ይገረም ይሆናል። ፍሬን የሚያቆመው የጎማውን መሽከርከር ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። እንግዲህ አንድ መኪና ያለው ፍሬን፣ ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ ጎማዎቹን አስሮ ለማንሸራተት የሚበቃ ከሆነ፣ ከዚያ በላይ ብርቱ ፍሬን ቢጨመርበት የማቆሚያው ርቀት በአንዲት ክንድ እንኳ አያጥርም። በደንብ የተስተካከለ የኤም ጂ ቢ ፍሬን ደግሞ ይህን ማድረግ ይችላል። ርቀቱን ማሳጠር የሚፈልግ ሰው ሊመለከተው የሚገባው ጎማውን ነው። ዐሥር ዓመት ፀሐይ ላይ የደረቀ ጎማ የገጠመ መኪና አራት ዲስክ ቢደረግለትም ያው ነው።

የኋላ ጎማ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነም እናስላ። መኪናው ከነነጂው 1,050 ኪሎግራም ይመዝናል፣ ቆሞ ሳለ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል ተከፍሏል፣ የስበት ማዕከሉ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይላል እንበል። በፊትና በኋላ አክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት 2.31 ሜትር ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ በኃይል ሲቆም፣ ማለትም ፍጥነቱ በስበት ፍጥንጥነት 0.8 እጥፍ ሲቀንስ፣ ወደ 1,800 ኒውተን የሚጠጋ ጫና ከኋላ ጎማዎች ተነሥቶ ወደ ፊት ጎማዎች ይሸጋገራል። ፔዳል ሲረገጥ አፍንጫው ወደ መሬት ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። ከጠቅላላው 10,300 ኒውተን ክብደት በኋላ ጎማዎች ላይ የሚቀረው 3,350 ያህል፣ ማለትም አንድ ሦስተኛው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የኋላ ፍሬን ከሥራው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ልሥራ ቢል ጎማው ይታሰራል።

የኋላ ጎማ መታሰር ደግሞ ከፊት ጎማ መታሰር ጋር አንድ አይደለም። ታስሮ የሚንሸራተት ጎማ ወደ ጎን የመያዝ ችሎታውን ያጣል። የፊቱ ጎማ ሲታሰር መኪናው መሪ አልታዘዝ ቢልም አቅጣጫውን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የኋላው ቀድሞ ሲታሰር ግን ጭራው ከኋላ ተነሥቶ ፊቱን ሊቀድም ይሞክራል፤ መኪናውም ይሾራል። ነጂው መሪውን መልሶ ለማረም የሚያገኘው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ፍሬን ደንብ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ቀድመው እንዲታሰሩ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ቅደም ተከተል የፋብሪካው መሐንዲሶች ለክተው የወሰኑት ነው። በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኋላውን ዲስክ የገጠመ ሰው፣ ሳያውቀው የእነርሱን ስሌት ሰርዞ በራሱ ግምት ተክቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ታምቡርና ዲስክ በአሠራር እንዴት እንደሚለያዩ ማየት ይጠቅማል። በታምቡር ውስጥ ሸራ የተለበጠባቸው ሁለት ጫማ መሰል ብረቶች አሉ። ፔዳል ሲረገጥ ትንሿ ሲሊንደር ወደ ውጭ ትገፋቸዋለች። ከሁለቱ አንደኛው በታምቡሩ የመሽከርከር አቅጣጫ የተቀመጠ ስለሆነ ሰበቃው ራሱ ይዞ ይጎትተውና ይበልጥ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ፍሬኑ ራሱን በራሱ ያግዛል እንደማለት ነው። ዲስክ ይህ ዕርዳታ የለውም፤ ግራና ቀኝ የሚጨብጡት ፓዶች የሚያገኙት ኃይል ከእግራችን በዘይቱ በኩል የመጣው ብቻ ነው። በቁጥር ስናስቀምጠው፣ የሰበቃው መጠን 0.4 ቢሆን ዲስክ ከተቀበለው የመግፊያ ኃይል 0.8 እጥፍ የማቆሚያ ኃይል ይሰጣል። በኤም ጂ ቢ የኋላ ጎማ ላይ ያለው ዓይነት ታምቡር የዚህን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሰጣል። ታምቡር ደካማ ነው የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ እስኪገርመን ድረስ!

ወሬው የመጣው ከሙቀት ነው፤ በዚህ ረገድም ዲስክ የሚገባውን ምስጋና ልንነፍገው አንሻም። ከላይ የጠቀስነው መኪና በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲጓዝ 405 ኪሎጁል ያህል የእንቅስቃሴ ጉልበት አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ በ92 ዲግሪ ገደማ እስኪፈላ የሚፈልገው 300 ኪሎጁል ነው። ስለዚህ አንዲት ቆራጥ ፍሬን ለአንድ ጀበና ቡና የሚበቃ ውኃ አፍልታ ትተርፋለች። ለአንድ ጊዜ ይህ ሙቀት ለታምቡሩ ብረት ምንም አይደለም። ሲደጋገም ግን ታምቡሩ እንደ ድስት ክዳኑን ገጥሞ ሙቀቱን ይዞ ይቀመጣል። 200 ዲግሪ ሲጨምር ዳያሜትሩ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ወደ ታች ይሰምጣል። የሸራው ሰበቃ በሙቀት ሲቀንስ ደግሞ ያ ራስን በራስ የማገዝ ችሎታ አብሮ ይዳከማል፤ በሰበቃው ላይ የደረሰው ጥቂት ጉድለት በማቆሚያው ኃይል ላይ ተባዝቶ ይታያል። ዲስክ አየር ላይ ተጋልጦ ስለሚዞር ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሲግልም ወደ ፓዱ ይሰፋል እንጂ አይርቅም። ውኃ ቢገባበትም ወዲያው ያራግፈዋል።

ከዓባይ በረሃ አፋፍ እስከ ድልድዩ ያለውን ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ይህን በአፍንጫው ያውቀዋል። አንድ ሺህ ሜትር ብቻ ይወርዳል ብንል እንኳ፣ የአየርንና የጎማን ተቃውሞ ትተን፣ መኪናችን ወደ ሙቀት ሊለውጠው የሚገባው ጉልበት ከ100 ኪሎሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ ተከታትሎ ከመቆም ጋር እኩል ነው። ይሁን እንጂ የዚህ መድኃኒቱ ዲስክ ሳይሆን ማርሽ ነው፤ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ወደ ከባድ ማርሽ የቀየረ ነጂ ሙቀቱን ለሞተሩ አሸክሞታል።

የዲስክ ዝና የተወለደው ግን በመኪና ውድድር ሜዳ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬን የባለቤትነት መብት የወሰደው በ1902 ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ዛሬ የምናውቀውን የታምቡር ፍሬን ያበጀውም በዚያው በ1902 ነው። ሁለቱ መንትዮች ናቸው እንጂ አያትና የልጅ ልጅ አይደሉም። ዲስክ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በጥላ ከኖረ በኋላ በ1953 ጃጓር ሲ ታይፕ የደንሎፕ ዲስኮችን ገጥሞ የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። 6 ኪሎሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ መንገድ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ፣ ጠባብ መታጠፊያ ሲደርስ ፍሬን መያዝ፣ ይህንንም ሌሊቱን ሙሉ መደጋገም ታምቡርን ያቃጥላል። ለዚያ ሥራ ዲስክ ተወዳዳሪ የለውም። በእሑድ ጠዋት ቤተሰቡን ይዞ ለሚንሸራሸር መኪና ግን የሌ ማን ማስረጃ ማስረጃ አይሆንም።

እንዲያውም ጊዜው ዞሮ ታምቡርን መልሶ አምጥቶታል። ከ2020 ወዲህ የተመረተው ፎልክስዋገን አይዲ 4 የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎችም አዘውትረን የምናየው፣ ከኋላ የተገጠመለት ታምቡር ነው። አብዛኛውን የማቆም ሥራ ሞተሩ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ስለሚሠራው የኋላው ፍሬን ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ነው፤ ሥራ የፈታ ዲስክ ደግሞ ይዝጋል። የተሸፈነ ታምቡር አይዝግም፤ የሸራውንም ብናኝ ውስጡ ያስቀረዋል። የዛሬ መሐንዲስ ለአዲስ መኪና የመረጠውን ነገር ከአሮጌ መኪና ላይ «ኋላ ቀር» ብሎ መጣል ትንሽ ያስቃል።

ወደ ለውጡ እንመለስ። ታምቡሩ ወጥቶ ዲስክ ሲገባ ራስን የማገዝ ችሎታው ስለሚቀር፣ ያንኑ የማቆሚያ ኃይል ለማግኘት ትልልቅ ፒስቶኖች ይፈለጋሉ። ትልልቅ ፒስቶን ብዙ ዘይት ይጠይቃል፤ ያለው የፍሬን ፖምፓ ያን ያህል ዘይት ለመግፋት ፔዳሉ ብዙ መውረድ አለበት። ፖምፓውን በሰፊ ቢተኩት ደግሞ በፓስካል ሕግ መሠረት ለአንድ ዓይነት የእግር ኃይል የሚገኘው ግፊት ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ይደርቃል። ይህን ለማለዘብ ሰርቮ ያስፈልጋል። አንዱ ለውጥ ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል ማለት ነው። ለታምቡር ተብሎ በአንዳንድ የዘይት መስመሮች ላይ የሚቀመጠው፣ ጥቂት ግፊት ይዞ የሚያስቀር ቫልቭ ካልወጣም ፓዱ ዲስኩን ሳይለቅ እያሻሸው ይሄዳል። የእጅ ፍሬኑንም መርሳት የለብንም። ታምቡር በገመድ ተስቦ መኪናን ዳገት ላይ አቁሞ ለማሳደር የተመቸ ነው፤ ዲስክ ግን ለዚህ ሥራ የተለየ መሣሪያ ይፈልጋል። አንዳንድ ባለ አራት ዲስክ መኪናዎች በኋላው ዲስክ መካከል ትንሽ ታምቡር ደብቀው የሚሄዱት ለእጅ ፍሬኑ ሲባል ነው።

ገንዘቡስ የት ይዋል? ለአሮጌ መኪና ባለቤት ከሁሉ በፊት የምንመክረው የዘይቱን መስመር ለሁለት ማስከፈል ነው። የመጀመሪያዎቹ ኤም ጂ ቢዎች አንድ መስመር ብቻ ነበራቸው፤ አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ጎማዎች ፍሬን አልባ ይሆናሉ። አሜሪካ ከ1968 ጀምሮ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ሁለት መስመርን ግዴታ ያደረገችው ይህን በማየት ነው። አራት የሚያብረቀርቁ ዲስኮችን በአንድ የሠላሳና የአርባ ዓመት የጎማ ቱቦ ላይ ያንጠለጠለ ሰው በእኛ ግምት ቅደም ተከተሉን ስቷል። ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱ ይምጣ። ይህ ዘይት እርጥበትን ከአየር ይመጣል። ዶት 4 የተባለው አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ የተወሰነ ሲሆን፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን ወሰኑ ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ሲረገጥ ይታመቃል እንጂ ግፊት አያስተላልፍም። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው። ቱቦዎችን፣ ጎማዎችንና የሸራውን ርቀት ማስተካከል ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ርካሽ ሥራ ነው።

በቁም ነገር ልናነሣው የሚገባ ሌላ ጉዳይም አለ። በነዚያ ዘመናት የተሠሩ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው። የዚህ ማዕድን ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር እንደሚያስከትል የተረጋገጠ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2005 ጀምሮ አስቤስቶስን በሙሉ አግዷል። አሮጌ ታምቡር ሲከፈት በጋራዦቻችን የተለመደው በኮምፕሬሰር አየር ብናኙን «ፉ» ማለት ነው። ከዚህ የከፋ ነገር ማሰብ ያስቸግራል። ብናኙ በውኃ ርሶ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ጨርቁም በላስቲክ ታስሮ መጣል አለበት፤ መካኒኩም፣ በተለይ ደግሞ አጠገቡ ቁልፍ የሚያቀብለው ልጅ፣ አፍና አፍንጫቸውን በተገቢው ጭንብል ይሸፍኑ።

ይህ ሁሉ ተብሎም ለውጡ ተገቢ የሚሆንባቸው ጊዜያት አሉ። መኪናው በውድድር ሜዳ የሚሮጥ ከሆነ፣ ወይም የመጀመሪያው ሞተር ወጥቶ እጅግ ብርቱ የሆነ ሌላ ከገባለት፣ ወይም ታምቡሩ ተበልቶ ምትክ ከጠፋ እኛም አንቃወምም። በዚህ ጊዜ የፒስቶኖቹ ስፋት ከፊቱ ጋር ተመዛዝኖ ይሰላ፤ ወደ ኋላ በሚሄደው መስመር ላይ ግፊቱን የሚቀንስ፣ ሊስተካከል የሚችል ቫልቭ ይግባ። ከዚያም ሰው በሌለበት ሰፊና ጠፍጣፋ ሜዳ፣ አስቀድሞ በደረቅ፣ ቀጥሎም በእርጥብ መሬት ላይ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት እየጀመሩ ይፈተን። ሁለተኛ ሰው ከጎን ቆሞ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚታሰር ይመልከት። የኋላው ከቀደመ ቫልቩ ይጠበቅና ፈተናው እንደገና ይጀመር፤ በደረቁም በእርጥቡም የፊቱ እስኪቀድም ድረስ መኪናው ወደ መንገድ አይውጣ።