ከባዶ ያልተነሳው ዳንጎቴ

ናይጄሪያዊው ባለሀብት አሊኮ ዳንጎቴ ተማሪ ሳለ ከረሜላ በካርቶን እየገዛ ይሸጥ ነበር። ይህን የተናገረው ራሱ ነው፤ የእኛ አነቃቂ ተናጋሪዎችም ከአፉ ቀልበው በየአዳራሹና በየዩቲዩቡ ያዞሩታል። ከከረሜላ ወደ ሲሚንቶ፣ ከሲሚንቶ ወደ ነዳጅ ማጣሪያ! ጭብጨባው ይቀልጣል። ከረሜላው እውነት ነው፤ «ከባዶ ተነሳ» የሚለው ግን ተረት ነው።

የእናቱን ወገን እንይ። ቅድመ አያቱ አልሃሰን ዳንታታ በ1877 የተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የኮላ ፍሬና የኦቾሎኒ ነጋዴ ነበር። ባቡር የናይጄሪያዋ ካኖ ከተማ ከደረሰ በኋላ ኦቾሎኒ እየሰበሰበ ለእንግሊዝ ኩባንያዎች በማቅረብ በምዕራብ አፍሪካ ተወዳዳሪ የሌለው ሀብታም ሆነ። በ1929 ካኖ ላይ ባንክ ሲከፈት በ20 ግመል የተጫነ የብር ሳንቲም አስገባ ይባላል። አሊኮ አባቱን በልጅነቱ ቢያጣም ያሳደገው የአልሃሰን ልጅ፣ አያቱ ሳኑሲ ዳንታታ ነው። ንግድ ሲጀምር 500 ሺህ ናይራ ያበደረውም ይኸው ቤተሰብ ነው፤ ያኔ አንድ ናይራ ከአንድ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። የእኛን ወጣት ግን ባንኩ የቤት ካርታ አምጣ ይለዋል።

ከቤተሰቡ ቀጥሎ መንግሥት አለ። ዳንጎቴ በ2000 የቤኑዌን ሲሚንቶ ፋብሪካ በፕራይቬታይዜሽን ያዘ። የፕሬዚዳንት ኦባሳንጆ መንግሥት ደግሞ የሲሚንቶ ማስመጫ ፈቃድ አገር ውስጥ ፋብሪካ ለሚገነቡ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ሰውየው ኦባጃና ላይ ግዙፍ ፋብሪካ ተከለ፤ ለዚህ ድፍረቱ ምስጋና አልነፍገውም። ነገር ግን የውጭ ሲሚንቶ የተገደበበትን ገበያ «የላብ ውጤት» ብቻ ማለት ቀልድ ነው። በቀን 650 ሺህ በርሜል እንዲያጣራ የተሠራው የሌኪው ማጣሪያም ቢሆን የመንግሥት ነዳጅ ኩባንያ ባለድርሻ የሆነበት ነው፤ በ2024 ድፍድፍ በናይራ እንዲሸጥለት የወሰነውም መንግሥት ነው።

ተረቱ የሚጎዳው ድሃውን ነው። አያት ያላበደረውን ልጅ «ሰነፍ ስለሆንክ ነው» እያለ ይወቅሰዋል፤ የብድርና የፖሊሲ ጥያቄ የሚነሳበትን አፍም ያዘጋል።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሙገር ላይ ከ2015 ጀምሮ ሲሚንቶ የሚያመርተው የዳንጎቴ ኩባንያ በነሐሴ 2025 ከመንግሥቱ ድርጅት ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ጋር ለጎዴው የማዳበሪያ ፋብሪካ ተፈራርሟል፤ ያኔ የተገለጸው ወጪ 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ድርሻው ለዳንጎቴ 60 ለሆልዲንግሱ 40 በመቶ። እዚህም የመንግሥት እጅ አለበት ማለት ነው። 40 በመቶው የሕዝብ ሀብት ነውና ለፋብሪካው የሚሆነው የተፈጥሮ ጋዝ በስንት እንደሚቀርብ፣ የግብር እፎይታ ካለም ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ማዳበሪያው ለገበሬው በምን ዋጋ እንደሚሸጥ የተወካዮች ምክር ቤት በአደባባይ ይጠይቅልን።