ማረሻውን ጥሎ የሄደ ማን ነው?

በጎንደር ከተማ እህል በተወደደ ቁጥር ከብዙ ሰው አፍ የምሰማው ቃል አንድ ነው፤ «የገጠር ልጅ ማረሻውን ጥሎ ኰበለለ፤ እርሱ ቢያርስ ኖሮ እኛ ባልተቸገርን» ይባላል። ይህ ነገር ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሲመረምሩት ግማሹ ስሕተት፣ ግማሹም ሐሜት ሆኖ ስለሚገኝ በዝምታ ላልፈው አልወድም።

አስቀድመን ልጁ ወዴት እንደሚሄድ እንጠይቅ። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራና ከበየዳ የሚወርደው ጐልማሳ ብዙውን ጊዜ ወደ መተማ፣ ወደ አርማጭሆና ወደ ሑመራ ቆላ ሄዶ ሰሊጥ ያርማል፤ ሰሊጥ ያጭዳል። ሰሊጥም አገራችን ከቡና ሌላ ለውጭ ገበያ ከምታቀርባቸው ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ነው። እንግዲህ «እርሻ ጠላ» ተብሎ የሚታማው ሰው የሄደው ከእርሻ ወደ እርሻ ነው ማለት ነው። ታዲያ የሚሠራውን ሰው ሥራ ፈት ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

የሚሄድበትም ምክንያት የተሰወረ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አያቱ ድርሻ አገኙ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ በብዙ ቦታ ሽግሽግ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የተወለደው ልጅ ግን ተስፋ የሚያደርገው የአባቱን ማሳ ብቻ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ገበሬ መሬት ያለ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ነገር ግን የደጋው ተራራ በአዋጅ አይሰፋም። አፈሩም በየክረምቱ እየታጠበ ወደ ተከዜ ይወርዳል። አራት ወንድማማች አንድ ጥማድ መሬት ቢካፈሉ ለአንዱም እንጀራ አይሆነውም። ስለዚህ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረት ለዚህ ልጅ አይሠራም፤ እርሱስ ቸግሮታል።

«ይሁን፤ ነገር ግን የእርሱ መሄድ ምርቱን ይጎዳል» የሚለኝ ሰው እውነት አለው፤ አልክደውም። የቆላውና የደጋው ክረምት አንድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሰሊጡ ሲታረም የደጋውም ሰብል አራሚ ይፈልጋል። ሰሊጥ ደግሞ ደርሶ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋልና ባለሀብቱ በአጨዳ ወራት ሰው አጥብቆ ይሻል። በዚያን ጊዜ በደጋው ቤት የምትቀረው ሚስት ወይም እናት ናት። በአገራችን ልማድ ሴት ሞፈር አትጨብጥምና መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። አራሹም የራሱን አስቀድሞ የእርሷን በመጨረሻ ያርሳል፤ ከምርቱም ግማሹን ይወስዳል።

ረኀብ ወደ ቤቷ የሚገባው በዚህ በር ነው። በሩን የከፈተው ግን የልጁ እግር ብቻ አይደለም፤ የእኛም ልማድ ነው። ሴት ስታርም፣ ስታጭድ፣ ስትፈጭ ነውር ያልሆነው ማረሻ ስትነካ ስለምን ነውር ይሆናል? ይህን ነውር ያወጣነው እኛ ነን፤ ልንሽረውም የምንችል እኛው ነን።

ከዚህም ሌላ የደጋ ገበሬ ሁለት ጎተራ አለው፤ አንዱ በቤቱ ያለው፣ ሁለተኛው የልጁ ጉልበት ነው። በደኅናው ዘመን ከቆላ የሚመጣው ገንዘብ በሬ ይገዛል፤ የማዳበሪያ ዕዳ ይከፍላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናቡ ቀርቶ አዝመራው ጠፋ። በዚያው ዓመት በነሐሴ በክልሉ የተነሣው ውጊያ ደግሞ ወደ ቆላ የሚያወርደውን መንገድ አስፈሪ አደረገው። አንደኛው ጎተራ ባዶ በሆነበት ዓመት ወደ ሁለተኛው መድረስ የሞት ያህል ከበደ። እንግዲህ «ልጆቹ እንዳይሄዱ ይከልከሉ» የሚል ሰው የድኻውን ሁለተኛ ጎተራ ለማቃጠል የሚመክር መሆኑን ይወቀው።

ልጁ ስለዚህ ሥራ የሚከፍለው ዋጋም ቀላል አይደለም። በቆላው በሜዳ ላይ ሲያድር ወባ ይይዘዋል፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም ያገኘዋል። ይህም በሽታ ካልታከሙት ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኙ በታወቀ ጊዜ፣ በሽታው ከቆላ ሥራ ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር ወደ ደጋ ሳይወጣ እንዳልቀረ ሐኪሞች ጽፈዋል። እንዲህ ሆኖ የሚመለሰውን ሰው በከተማ መናኸሪያ ስናየው ፊታችንን እናዞርበታለን።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ባለሰሊጡ የሠራተኛውን ደመወዝ በጽሑፍ ይዋዋል፤ መጠለያና አጎበር ይስጠው። መንግሥት መንገዱን ይጠብቅ፤ ሐኪሙን ሥራው ባለበት ቦታ ያስቀምጥ። የደጋው መንደርም ወንድ የሌላትን ቤት በወንፈል ይረስላት፤ እርሷም ልረስ ብትል አይሳቅባት።

እኛ የከተማ ሰዎች ደግሞ አንደበታችንን እንግታ። አጼ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሯት ጀምሮ ጎንደርን ሲያበላት የኖረው የደምቢያና የወገራ ገበሬ ነው። የገበሬውን ልጅ «ማረሻ ጣለ» እያልን የምናማው እኛ አንድ ቀን እንኳ ማረሻ አልጨበጥንም። አንባቢ ሆይ፥ ከእንግዲህ ወዲህ እህል ተወደደ ብለህ ልጁን ከመርገምህ በፊት፣ እርሱ የታረመበትን ሰሊጥ ማን ሸጦ እንደከበረ ጠይቅ።