ከአዳራሽ ይልቅ በማሳ ይሞከር

እርፍ የጨበጠ አርሶ አደር አፈር ውስጥ የተቀበረውን ድንጋይ ከዓይኑ በፊት በእጁ ያውቀዋል። የስዊዘርላንዱ የዙሪክ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች «ኤኒማል» የተባለውን ባለ አራት እግር ሮቦት ያስተማሩትም ይህንኑ የሚመስል ብልሃት ነው። ሮቦቱ ከፊቱ ያለውን መሬት በጨረርና በካሜራ ይለካል። ረጅም ሣር ግን እንደ ግንብ፣ ለስላሳ በረዶም እንደ ጠንካራ መሬት ሊታየው ይችላል። ያን ጊዜ ዓይኑን ትቶ እግሩ የነገረውን ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ጥናታቸው እንደተገለጸው፣ በኤትዘል ተራራ 120 ሜትር ሽቅብ በ31 ደቂቃ ሳይወድቅ ወጥቷል።

ጎማ በማይደርስበት ተዳፋት ማሳችን እንዲህ ያለ መሣሪያ ይበጅ ይሆናል፤ ዋጋውን ለጊዜው እንተወው። ሻጭ መጥቶ በአዳራሽ ወለል ላይ ቢያስኬደው ግን፣ ወረዳዎች ከመፈረማቸው በፊት እርከን፣ ጭቃና ሣር ባለበት ማሳ፣ አርሶ አደሩ እያየ ያስሞክሩት።