የከሰል ጆንያና የአንዲት ሴት ስም

የቤተሰብ ማዕዘን

በሆዳን ሰፈር ጎህ ሲቀድ ከየግቢው የሚነሣውን ጭስ የማያውቅ ከመካከላችን አይገኝም። ሙቀቱ ሳይበረታ እመቤቶቻችን ምድጃቸውን ወደ ደጅ አውጥተው፣ ከሰሉን በእፍኝ ጨምረው፣ በማራገቢያ እያርገበገቡ ጀበናውን ይጥዳሉ። በጥበቃ ያደረውም ወታደር ቤቱ መድረሱን የሚያውቀው በዚያው ጭስና በቡናው መዓዛ ነው። እኛም ከዚህ ልማድ ውጭ አይደለንም፤ ይህ ጽሑፍ ሲጻፍ ከጠረጴዛችን አጠገብ የጀበናው ፍም ገና አልጠፋም ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የእኛም እጅ በከሰሉ ጠቁሯልና።

ባለፈው ሰሞን የአንድ ባልደረባችን ባለቤት ከሰል ሲገዙ በአጋጣሚ አብረናቸው ነበርን። ሻጭዋ ጆንያውን ፈትተው በጣሳ ሲሰፍሩ፣ አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት ሶማሌ አሮጊት ከጆንያው አንዱን ጉማጅ አንሥተው ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱትና፣ «ይህ ግራር ነበር፤ ስንት ግመል አሳድጓል» ብለው መልሰው ጣሉት። ከየት እንደ መጣ ሻጭዋን ብንጠይቃቸው አላወቁም። እኛም እስከዚያች ቀን ድረስ ጠይቀን እንደማናውቅ ትዝ አለንና አፈርን።

ይህን ጥያቄ ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድመው የጠየቁ አንዲት የዚህ አካባቢ ሴት አሉ። ስማቸው ወይዘሮ ፋጡማ ጅብሪል ይባላል። ከጅቡቲ ወደ ምሥራቅ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ለሚሄድ ሰው አገራቸው ሩቅ አይደለም፤ ስማቸው ግን በሠፈራችን ከሚታወቀው ይልቅ ባሕር ማዶ የሚታወቀው ይበልጣል። በዛሬው ዓምዳችን ሕይወታቸውንና ስማቸው የተገነባበትን ሥራ ባጭሩ እንመዘግባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናሳስባለን።

ወይዘሮ ፋጡማ በ1947 በሰሜን ሶማሊያ፣ ሳናግ በተባለው አካባቢ ከአርብቶ አደር ቤተሰብ ተወለዱ። ከብት አርቢ ዘንድ ዛፍ ማለት ጥላ ብቻ አለመሆኑን የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ሳይሆን ኑሮው ነው፤ ዝናብ ሲጠፋና ሣሩ ሲያልቅ ግመሉም ፍየሉም የሚተርፉት በግራሩ ቅጠልና ፍሬ ነውና። በልጅነታቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፤ በ1969 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ኋላም አገራቸው ተመልሰው በመንግሥት ሥራ አገለገሉ። ትዳር መሥርተው የልጆች እናት ሆነዋል፤ ባለቤታቸውም ዲፕሎማት ስለ ነበሩ ከአገር አገር መዘዋወርን ያውቁታል። የመዛወሪያ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ጓዝ የምትጠቀልለው የወታደር ሚስት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስረጂ አያሻትም።

በ1991 የሶማሊያ ማዕከላዊ መንግሥት ሲፈርስ ከሕዝቡ ጋር ዛፉም ጠባቂ አጣ። ወደብ የያዘ ታጣቂ ጆንያ ጭኖ ገንዘብ ማግኘት እንደሚችል ተረዳ፤ በባሕረ ሰላጤው የዐረብ አገሮች የግራር ከሰል ገዢ ሞልቶት ነበርና። አከሳሰሉን ያየ ሰው ጥፋቱን ለመገመት አይቸገርም። ለዘመናት የቆመው ግራር ተቆርጦ ይከመራል፤ በአፈር ታፍኖ ለቀናት ይጨሳል። በዚህ በባህላዊው መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ እንጨት ይጠፋል። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ውሃው መሬት ውስጥ መስረጉን ትቶ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ሣሩ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ከብቱ ይሞታል። ከብቱ የሞተበት ጎልማሳ ደግሞ ወይ ራሱ ከሰል አክሳይ ይሆናል፣ ወይ ጠመንጃ ይሸከማል። ወይዘሮ ፋጡማ ያስተዋሉት ይህን ክብ መንገድ ነው።

በዚያው በ1991 ከባለቤታቸውና ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው ሆርን ሪሊፍ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ይህ ድርጅት በኋላ አዴሶ በሚል ስም ታውቋል። በሥራቸው ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዛፍ ማዳንን ከሰላም ለይተው አለማየታቸው ነው። ጎሣ ከጎሣ እየተታኮሰ ዛፉን የሚጠብቅ እንደማይኖር፣ ዛፉም እያለቀ ተኩሱ እንደማይበርድ ስለ ገባቸው፣ የሴቶች የሰላም ኅብረት እንዲቋቋም ከደከሙት አንዷ ሆኑ። በሽማግሌዎች ጉባኤ ሴት ድምፅ በማታሰማበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1999 ድርጅታቸው የሰላም ሰልፍ አስተባበረ። ወጣቶችንም አሠልጥኖ ገደብ የለሽ ከሰል ማክሰል በአገሪቱ ላይ የሚያደርሰውን የማይሽር ጉዳት ለሕዝቡ እንዲያስረዱ አሰማራ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የአንዲት ሴት ጩኸት የብዙዎች ሆነ። በ2000 የፑንትላንድ አስተዳደር ከሰል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ፤ ዋናው መውጫ የቦሳሶ ወደብ ነበር። ከክልከላው በኋላ በዚያ በኩል የሚወጣው ከሰል በ80 በመቶ ያህል መቀነሱ ተዘግቧል። ጥይት ሳይተኮስ በወደብ ላይ የተገኘ ድል ይህ ነው።

ይሁን እንጂ «አትቁረጥ» ብቻ ማለት ለተራበ ሰው መልስ እንደማይሆን ወይዘሮ ፋጡማ አልዘነጉትም። ጎርፍ በቦረቦረው መሬት ላይ ሰዎች ድንጋይ በእጃቸው እየደረደሩ ትንንሽ እርከን እንዲሠሩ አደረጉ፤ ድንጋዩ ውሃውን ያዘገየዋል፣ የዘገየው ውሃ ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ከድንጋዩ በላይ በተጠራቀመው አፈር ላይም ሣር ይበቅላል። ወጣቶች በግመል ጭነው ለሦስት ሳምንት በአርብቶ አደሩ መንደር እየተዘዋወሩ ስለ ከብት አያያዝ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሰላምና ስለ መሬት ጥበቃ የሚያስተምሩበትንም የግመል ጉዞ አስጀመሩ። ለቤት እመቤት ደግሞ በፀሐይ ብርሃን የሚያበስል ምድጃ እንዲለመድ ጣሩ። ክንፉን እንደ ቢራቢሮ ዘርግቶ ጨረሩን ወደ ድስቱ የሚሰበስበው ይህ ምድጃ ፀሐይ ባለበት ሰዓት ከሰል አይጠይቅም። ፀሐይ ደግሞ በእነርሱም አገር በእኛም ሰፈር ከሚበቃው በላይ አለ።

ሥራቸው ይህን ከመሰለ በኋላ ነው ዓለም ስማቸውን ያነሣው። በ2002 ለአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች የሚሰጠውን የጎልድማን ሽልማት ተቀበሉ። በ2008 በአፍሪካ የተፈጥሮ ጥበቃ ላሳዩት አመራር በናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር በኩል ተሸለሙ፤ በዚያው ዓመትም የከሰል ንግዱን ጉዳት የሚያሳይ አጭር ፊልም በመጻፍና በማዘጋጀት ተካፈሉ። በ2014 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም የምድር ጀግና ብሎ ሰየማቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ብናስብ መልካም ነው። የሰው ስም በሁለት መዝገብ ይጻፋል። አንደኛው የሽልማት መዝገብ ነው፤ ይህ የተጻፈው ባሕር ማዶ፣ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ የአንዲት ሴት ስምም ከፊት ለፊት ይታይበታል። ሁለተኛው መዝገብ በመሬቱ ላይ ነው፤ እርከኑ ቆሟል ወይስ ፈርሷል፣ ግራሩ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። በመጀመሪያው መዝገብ ላይ ድንጋይ የደረደሩት እናቶች ስም አልሰፈረም። ወይዘሮ ፋጡማን በትክክል የሚያከብር ሰው ሁለቱንም መዛግብት ያነባል። ስማቸው ታላቅ የሆነው ብቻቸውን ስለ ሠሩ ሳይሆን ሌሎችን ማሰለፍ ስለ ቻሉ ነውና።

ከዚህም ሌላ እንዲህ ያለ ስም በጭብጨባ ብቻ አይገነባም። ለዚህ ጎረቤታችን ኬንያ ሌላ ምሳሌ ትሰጠናለች። በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን የመሠረቱት ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ፣ በ1989 በናይሮቢ ኡሁሩ መናፈሻ ውስጥ ሊሠራ የታሰበውን ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ በመቃወማቸው ከባለሥልጣናትና ከምክር ቤት አባላት ብዙ ዘለፋ ወርዶባቸዋል። ወይዘሮ ፋጡማ ወጣቶችን ባሰለፉበት በዚያው በ1999 ደግሞ ዋንጋሪ ማታይ የካሩራን ደን ለማዳን ችግኝ ሊተክሉ ሄደው ተደብድበው ቆስለዋል። ሕንፃው ግን አልተሠራም፤ ደኑም ቀርቷል። በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት የተቀበሉ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆኑ። በ2011 ሲያርፉ የተዘለፉበት ስም የአገር ኩራት ሆኖ ነበር። በዘለፋው ጊዜ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው አይኖርም ነበር።

ለወታደር አንባቢያችን ይህ ጉዳይ የማዕድ ቤት ወሬ ብቻ መስሎ እንዳይታየው አደራ እንላለን። በየካቲት 2012 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2036 ከሶማሊያ ከሰል ወደ ውጭ እንዳይወጣ፣ ሌሎች አገሮችም እንዳይገዙ ከልክሏል። ምክንያቱም ገቢው ለአል ሸባብ መሣሪያና ስንቅ ይውል ስለ ነበረ ነው። ወይዘሮ ፋጡማ አንድን የወደብ አስተዳደር አሳምነው ካስከለከሉ ከ12 ዓመት በኋላ የዓለም መንግሥታት የደረሱት ወደዚያው ሐሳብ ነው። ከዚያም በኋላ ንግዱ በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ ክልከላ የሚጸናው በወደቡና በኬላው ላይ የቆመው ሰው ዐይኑን ካልጨፈነ ብቻ ነው። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ወታደር ነው። ከግዳጅ ሲመለስ ለቤቱ ጆንያ ከመኪና ላይ የሚጭነውም እንዲሁ ወታደር ነው፤ ለዚህ እኛው ራሳችን ምስክሮች ነን።

እንግዲህ በሆዳን ያለን ምን እናድርግ? ከሰልን ዛሬውኑ ጣሉ ብንል የማይሆን ነገር መናገራችን ነው። የሚቻለውን ግን እንጠቁም። በውስጡ ሸክላ የተለበጠበትና በአዲስ አበባ ላቀች በሚል ስም የታወቀው ምድጃ ከተራው የብረት ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ከሰሉን በሩብ ያህል ይቆጥባል። ባቄላና ሽምብራ ከዋዜማው ቢዘፈዘፍ፣ ድስቱም ክዳን ባይለየው ጥቂት ከሰል ይበቃዋል። ቡናው እንዳለቀ ፍሙን በአመድ አዳፍኖ ወይም በቆርቆሮ ከድኖ ማጥፋት ለማግስቱ የሚሆን ከሰል ያተርፋል። ከሁሉም በላይ ሙቀቱን ሽሽት መስኮት ዘግታችሁ በተቀመጣችሁበት ክፍል ውስጥ ፍም አታስገቡ፤ ከከሰል የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዝ የተኛን ሰው ሳያስነሣ ይገድላልና።

ሆዳን በሶማልኛ ባለጸጋ ማለት ነው። ያች አሮጊት ጉማጁን ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩት የቆጠሩት ሀብት ግመሉን፣ ወተቱንና ጥላውን ነበር፤ እኛ የቆጠርነው በጣሳ የሚሰፈረውን ብቻ ነው። ወይዘሮ ፋጡማ ጅብሪል በዕድሜያቸው ሙሉ ያስተማሩት ሒሳብ የአሮጊቷ ሒሳብ ነው። ስማቸውን እዚህ ማስፈራችን አንዲት እናት ነገ ከሰል ስትገዛ «ከየት መጣ?» ብላ እንድትጠይቅ ካደረገ ዓምዳችን ድርሻውን ተወጥቷል።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለን። በየሰፈራችሁ በር ላይ ዛፍ ተክላ በልብስ ማጠቢያ ውሃ ያሳደገች፣ ጎረቤቶቿን አስተባብራ የቆሻሻ ጉድጓድ ያስቆፈረች እናት ትኖራለች። እንዲህ ያለችው እናት ሽልማት አይደርሳትም፤ ታሪኳም ካልተጻፈ ይጠፋል። እርሷ ፈቃደኛ ከሆነች ሥራዋን ጽፋችሁ ላኩልን።