ድመት ላለበት ቤት የገና ልምላሜ



ገና ሲቃረብ በየቤቱ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ጥድ ይቆማል፣ አቅም ያለው ደግሞ አበባ ገዝቶ መስኮት ላይ ያስቀምጣል። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ የምንቃወመው ነገር የለንም። ነገር ግን «ቀዩ የገና አበባ ድመት ይገድላል» የሚባል ወሬ አለ። በዚህ የተነሳ አንዱ አበባውን ይጥላል፣ ሌላው ጭራሽ ድመቷን ከቤት ያስወጣል። እኛ ሁለቱንም አንደግፍም። ሰው የማያስፈራውን እየፈራ የሚያስፈራውን በገዛ እጁ ቤቱ ያስገባል።

ቀዩ አበባ ፖይንሴቲያ ይባላል። አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ወደ አሜሪካ ከወሰደው ዲፕሎማት ከጆኤል ፖይንሴት ነው። ቀኑ ሲያጥር ይቀላል፤ የገና አበባ ያሰኘውም ይኸው ነው። (ቀዩ እንኳ ቅጠሉ ነው፤ አበባው መሀል ላይ ያለችው ትንሽ ቢጫ ነገር ናት።) ዘመዱ የእኛው ቅንጭብና ቁልቋል ነው። ቅንጭብ አጥር ያለው ሰው ያንን ነጭ ወተት ያውቀዋል፤ ዓይን ከገባ ጉድ ነው። የፖይንሴቲያው ወተት ግን ከቅንጭቡ በጣም የደከመ ነው። ድመት ብታኝከው አፏን ያቃጥላታል፣ ለሀጯ ይዝረበረባል፣ ምናልባት ታስመልሳለች፣ በቃ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ይህንን ተክል የነኩ ወይም የቀመሱ 22,793 ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ አንድም ሞት አላገኘም። ጥናቱ ስለ ሰው ነው፤ ቢሆንም የእንስሳት ሐኪሞች ስለ ድመት የሚሉት ከዚህ አይርቅም።

የሚያስፈራው ሊሊ ነው። ያ የመለከት ቅርጽ ያለው፣ ሽታው ቤት የሚሞላው፣ ለስጦታ በእቅፍ የሚመጣው አበባ። ቅጠሉም፣ አበባውም፣ የአበባ ዱቄቱም፣ ማስቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃም ለድመት መርዝ ነው። መብላት እንኳ አያስፈልጋትም፤ ዱቄቱ ጸጉሯ ላይ ቢራገፍና ብትልሰው ይበቃል። ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ኩላሊቷ ሥራ ያቆማል። መጀመሪያ ታስመልሳለች፣ ቀጥሎ የተሻላት ትመስላለች፣ ባለቤቱም «ተሻላት» ብሎ ይተዋል። ሕክምናው በ18 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ የመትረፍ ዕድሏ በጣም ያንሳል። ስለሆነም ድመት ያለበት ቤት ሊሊ ይዞ መሄድ ይቅር እንላለን። ለጎረቤት አበባ የምትወስዱም «ድመት አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ምን ችግር አለው? ውሃ ዳር የሚበቅለው፣ እንደ ቀንድ የተጠቀለለው ነጭ አበባም ሊሊ ይባላል፤ እሱ አፍ ያቃጥላል እንጂ ኩላሊት አይነካም።

ድመት ለምን አበባ ታኝካለች? ሣር ስለምትፈልግ ነው። ድሮ ግቢ ነበረ፣ ወጥታ የፈለገችውን ትግጥ ነበር። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ጎረቤቶቻችን ከነድመታቸው ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ድመት ሣር ከየት ታምጣ? ያገኘችውን አረንጓዴ ታኝካለች። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባል የለ!

የእኛ ሐሳብ ገብስ ነው። አዎ፣ ገብስ። ያልተቆላና ያልተፈተገ ገብስ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። የወተት ጣሳ ታቹን በሚስማር ብሱና አፈር ሙሉበት፣ ገብሱን በትኑበት፣ ስስ አፈር አልብሱት፣ ብርሃን የሚያገኝ መስኮት ላይ አኑሩት። በ10 ቀን ገደማ የጣት ርዝመት ይኖረዋል። ታኅሣሥ 17 የዘራ ሰው ለገና ለምለም ይደርስለታል። ጣሳውን ቀይ ጨርቅ ብትጠመጥሙበት ከተገዛው አበባ በምንም አያንስም፤ ድመቷም ብትግጠው ነውር የለውም። አደራ፣ መድኃኒት የተቀባ የእርሻ ዘር እንዳይሆን።

ቄጠማውም ለድመት መርዝ አይደለም። ችግሩ የበቀለበት ውሃ ነው፤ የከተማችንን ወንዞች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከመጎዝጎዙ በፊት በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ጥድ ለሚያቆሙ ደግሞ የምንለው ስለ ዛፉ ሳይሆን ስለ ብልጭልጩ ክር ነው፤ ድመት ከዋጠችው አንጀቷን ይጠመጥመዋል።

የገና ካክተስ የሚባለው የብራዚል ተክልም አለ። እሱ ለድመት ደኅና ነው። አንዳንድ ሰው ቁልቋል ይለዋልና ከእኛው ቁልቋል ጋር እንዳይምታታ። መለያው ቀላል ነው፦ የእኛው ሲሰበር ነጭ ወተት ያወጣል፣ ይኸኛው አያወጣም። ግን ወተት የሌለው ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ሊሊም ወተት የለውም።

የእንስሳት ሐኪም ስልክ የምታውቁ ቁጥሩን ከበዓሉ በፊት ለጎረቤት ስጡ፤ በገና ሌሊት ሐኪም ፍለጋ መዞር ከባድ ነው። ገብሱን በተመለከተ፣ ድመቷ ግጣ ስትጨርሰው ወይም ቢጫ ሲል ሌላ ጣሳ ነው። ታኅሣሥ 29 የተዘራ ለጥምቀት ይደርሳል።